ጉድጓዱ የት አለ?

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ክንፍ ስወለውል፣
ከሰው አውሮፕላን ላይ አቧራ ሳራግፍ ስውል፣
ከቤርሼባ ማዶ፣ ከስዴ ቴይማን ሜዳ፣
ሲነሱ አያለሁ፣ ባልዲዬን ይዤ፣ እንደ ቀረ እንግዳ።

ዛሬ ግን ኡዚኤል፣ ሽማግሌው አብራሪ፣
ፎቶ አንሺው ታሞበት፣ ጠፍቶበት ተባባሪ፣
«ነይ ግቢ» አለኝ፤ «ወንበሩ ባዶውን ከሚሄድ፤
ካሜራ መያዝ ነው፣ ከመወልወያሽ አይከብድ።»
ቀበቶዬን እሱ ሳበው፤ እጄ እርጥብ ነበር፤
የሳሙና ሽታ ይዤ ተነሳሁ ከምድር።

መጀመሪያ ከተማው አነሰ፤
ከዚያ የበደዊኖች ቆርቆሮ፣ የፍየል በረት፣
ከዚያ ይሩሐም፣ አባቴ ያለበት።
የእሱን ፎቅ ፈለግሁት፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤
«ያኛው ይሆን?» ስል አለፈ፤ አውሮፕላን ልብ የለው።

ከዚያ ምንም።
ምንም ስል፣ ባዶ ማለቴ አይደለም፤
ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ማለቂያ የለውም።
የራሞን ገደል እንደ ተፈነከተ ራስ ተከፍቶ፣
ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ አፈር ከውስጡ ተደፍቶ፤
ሴስናዋ በሙቀቱ እንደ ዶሮ ተንፈራገጠች፤
ሆዴ ከላይ ቀረ፣ እሷ ዝቅ አለች።

«አሁን እዪ» አለና ክንፏን አጋደለ፤
መስኮቱ መሬት ሞላው፣ ሰማይ ኮበለለ።
ዑቭዳ ሸለቆ ላይ፣ ከግራሮቹ አጠገብ፣
ሁለት የድንጋይ መስመር፣
ተራርቆ ጀምሮ ሲሄድ የሚቀራረብ፣
ጫፉ ላይ የታሰረ፣ እንደ ቋጠሮ ክብ።

«አፊፎን ነው ስሙ» አለኝ በጆሮ ማዳመጫ፤
«ልጆች በክር ይዘው የሚያበሩት የወረቀት መጫወቻ።
ከእኛ በፊት የበረሩት ናቸው ያወጡለት።
ሺህ ዓመታት አልፈውታል፤ ስንት እንደሆኑ ክርክር አለበት።
አንዱ መሠዊያ ይለዋል፣ አንዱ የኮከብ ካርታ፤
አንዱ ደግሞ ለአምላክ የተጻፈ ሰላምታ።»

አነሳሁ፣ አነሳሁ፣ ካሜራው እስኪግል፤
አንዷን ግን በስልኬ፣ ለራሴ፣ ሰረቅ አድርጌ፣ ከመንገድ ሳንገለል።

ማታ ይሩሐም፣ ሦስተኛ ፎቅ።
አባቴ ፈንታሁን ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን ያያል።
ፊደል አልቆጠረም፣ የዚያንም የዚህንም አገር፤
ስልኩን ሰጠሁት፤
ራቅ አደረገው፣ ቀረብ አደረገው፣ ሳይናገር።

«ጉድጓዱ የት አለ?»
«የምን ጉድጓድ አባ?»
«የሚዳቋዋ ነዋ! ይሄ እኮ ወጥመድ ነው፤
አርማጭሆ ቆላ ስናድን፣ የእኛ በእሾህ አጥር ነበር፣ የእነሱ በድንጋይ ነው።
በሰፊው ትገባለች፣ እየጋጠች፣ ሳታስብ፤
ከኋላዋ ሰው ሲነሳ ሩጫ፤ መንገዱም ይጠብ፣ ይጠብ።
ግንቡ ከጉልበት አይበልጥ፤ ብትዘል ትወጣለች።»
«ታዲያ ለምን አትዘልም?»
«ግንብ ያየ ግንብ ይከተላል፤ አመለጥሁ ትላለች።»

ጥቁር ጣቱ በግራው መስመር ላይ ቆመ።
«እዚህ ጋ ክፍት ነው።»
«ፈርሶ ነዋ፣ አባ። ስንት ሺህ ዓመት!»
«አልፈረሰም። ትተውት ነው። ያረገዘች ብትኖር፣ እንድትወጣበት።
ሁሉን የፈጀ አዳኝ፣ ለከርሞ ምን አለው?»
ስልኬን መለሰልኝ። ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ፤ ለእሱ አልቋል ነገሩ።

እኔ እንጃ።
ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ነጥብ ናት፤
ጎርፍ ጠርጓት ይሆናል፣ ግመል ረግጧት፣
አባቴም ተሳስቶ፣ ወይም ምሕረት ፈልጎ ጨምሯት።
ግን ሌሊቱን ሙሉ ያ መስመር አላስተኛኝም፤
ስዕል ያልነው እኛ ነን፤ ሠሪዎቹ ስዕል አላሉትም።
ወደ ላይ ያየ የለም፤ የሚያየን አለ ብሎ ያሰበም።
ከላይ ሲያዩት ነው ስዕል፤
ከታች ግን ትንፋሽ ነው፣ አቧራ፣ የሰው ጩኸት፣ ሩጫ፣
እና በግራ በኩል፣ ላየው፣ መውጫ።

ጠዋት ባልዲዬን ሞላሁ።
ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወለወልሁ፣ ዑቭዳ ያለበሰውን አቧራ፤
አንዲት ጣት የምታህል ቦታ ግን አልነካሁም፣ በስተግራ።
ኡዚኤል አየና «ረሳሽ» አለኝ።
ዝም አልሁት።